ከሰቆጣ እስከ ተከዜ፦ በዋዝ የጎማ እምብርት ውስጥ የታሰረው አየር

የአንድ አሮጌ ወታደራዊ መኪና የጎማ ዘይት መጉደሉንና አለመጉደሉን መመርመር የመካኒክ እንጂ የፊዚክስ መምህር ሥራ አይደለም የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እንገምታለን። እኛ ግን ጉዳዩ የሁለቱም ነው ባዮች ነን። በተለይ መኪናዋ ዋዝ፣ አገሩ ደግሞ ዋግ ኽምራ ሲሆን፣ ዘይቱን የሚመረምረው ሰው አወቀውም አላወቀው ከጋዝ ሕግ፣ ከፈሳሽ ግፊትና ከሙቀት ሽግግር ጋር ፊት ለፊት ተገናኝቷል። መልሱን ቢስት የሚቀጣው በፈተና ወረቀት ላይ ሳይሆን ወደ ተከዜ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነው።

ዋዝ የምንላት መኪና ስሟን ያገኘችው በቮልጋ ወንዝ ዳር ከምትገኘው ከኡልያኖቭስክ ከተማ የአውቶሞቢል ፋብሪካ ምኅጻረ ቃል ነው። 469 የተባለው ሞዴል በብዛት መመረት የጀመረው በ1965 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1972) ነበር። በ1969 ዓ.ም. ደርግ ከአሜሪካ ጋር የነበረውን ወታደራዊ ግንኙነት ካቋረጠና በ1970 ዓ.ም. የሶቭየት ኅብረት መሣሪያ በአየርና በባሕር መጉረፍ ከጀመረ በኋላ፣ ዋዝ ከኡራልና ከዚል የጭነት መኪኖች ጋር የሠራዊታችን የዘወትር መኪና ሆነች። ዛሬ አብዛኞቹ ቁርጥራጭ ብረት ሆነዋል፤ ጥቂቶቹ ግን ለነገሩ ፍቅር ባላቸው ሰዎች እጅ እስካሁን ይሽከረከራሉ። ወታደራዊዋ ዋዝ ከሲቪሏ እኅቷ የምትለየው በአንድ ቁም ነገር ነው፤ የሆዷ ከፍታ ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ የሲቪሏ 22 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። የ8 ሳንቲ ሜትሩ ልዩነት የመጣው ከትልቅ ጎማ ሳይሆን በአራቱም የጎማ እምብርቶች ውስጥ ከተሸሸገ ማርሽ ነው።

የጎማ እምብርት የምንለው ጎማው በብሎን የሚታሰርበትን፣ በኩሽኔታ ላይ የሚዞረውን መሐለኛ ክፍል ነው። በተለመደው መኪና ላይ ከዲፈረንሻል የሚወጣው ዘንግ በቀጥታ የጎማውን መሐል ያዞራል። በወታደራዊዋ ዋዝ ላይ ግን ዘንጉ ከጎማው መሐል ከፍ ብሎ ይመጣና አንዲት ትንሽ ማርሽ ያዞራል፤ ትንሿ ደግሞ ትልቁን ማርሽ፣ ትልቁም ጎማውን ያዞራል። የሁለቱ ምጣኔ 1.94 ነው። ስለዚህ ዘንጉ ሁለት ጊዜ ያህል ሲዞር ጎማው አንዴ ይዞራል፤ የማዞር ኃይሉም በዚያው ልክ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ከዲፈረንሻሉ 2.77 ምጣኔ ጋር ሲባዛ 5.4 ገደማ ይደርሳል። ብልሃቱ ለሩስያውያን ብቻ የተሰጠ አልነበረም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጀርመን ጦር ይገለገልበት የነበረው ኩቤልቫገን፣ ኋላም የመርሰዲሱ ኡኒሞግ በዚሁ መንገድ የተሠሩ ናቸው።

ለዚህ ከፍታ የሚከፈል ዋጋ አለ። እያንዳንዱ እምብርት የራሱን የካምቢዮ ዘይት የሚይዝ ትንሽ ጓዳ ሆነ። ባለዋዝ የሆነ ሰው የሞተሩን፣ የካምቢዮውንና የሁለቱን ዲፈረንሻሎች ዘይት አይቶ አበቃሁ ሊል አይችልም፤ አራት ትናንሽ ጓዳዎች ይቀሩታል። እያንዳንዳቸው የሚይዙት ዘይት ከግማሽ ሊትር አይበልጥም። ከዚህ ላይ አንዲት ቡና ስኒ ብትጎድል ከአንድ በርሜል ላይ እንደ ጎደለች አትቆጠርም።

በመንገድ ላይ በተደጋጋሚ የምንሰማው አነጋገር አለ፤ «ካልፈሰሰ አልጎደለም፣ ሙሉ ከሆነም ደህና ነው» ይባላል። ለሜዳ አገር ምናልባት ያስኬድ ይሆናል። ለዋግ ግን አያስኬድም እንላለን። ምክንያታችንን ለማስረዳት ከሰቆጣ ተነሥተን ወደ ተከዜ እንውረድ።

የሰቆጣ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። የተከዜ ግድብ ሐይቅ ሲሞላ ደግሞ 1,140 ሜትር ላይ ይቆማል። በሰቆጣ የአየሩ ግፊት 78 ኪሎ ፓስካል ገደማ ሲሆን፣ በተከዜ ዳር 88 ይደርሳል። የ10 ኪሎ ፓስካል ልዩነት ማለት የአንድ ሜትር ውሃ ክብደት ማለት ነው። ተማሪዎቻችን ይህን በቁጥር ባያውቁትም በዓይናቸው አይተውታል፤ በደጋ ላይ ክዳኑ ጥብቅ ተደርጎ የተዘጋ ባዶ ሃይላንድ ቆላ ሲደርስ ጨምደድ ብሎ ይገኛል። የቆላው ሙቀት አየሩን መልሶ ያሰፋዋልና ጭምደዳው በስሌት ከምንጠብቀው ይቀንሳል፤ ቢሆንም ይታያል።

እንግዲህ የዋዝን አክስል እንደ አንድ ሃይላንድ እንቁጠረው። ብረት ስለ ሆነ አይጨመደድም። በውስጡ ዘይትና አየር አሉ። አየሩ ከውጭው ጋር እንዲመጣጠን ፋብሪካው በአክስሉ ላይ ትንሽ መተንፈሻ አድርጎለታል። መተንፈሻዋ ንጹሕ ከሆነች ነገሩ ሁሉ ሰላም ነው። ነገር ግን የጣት ጫፍ የምታህል ናት፤ በጭቃና በአቧራ መካከል ትኖራለች፤ ከላይዋ ቀለም የሚቀባ፣ ግራሶ የሚያፈስ አይጠፋም። መኪናዋ ለወራት ከቆመች ደግሞ ነፍሳት ቤት ይሠሩባታል። በእኛ ግምት ሰዎች ስለ ጎማ ዘይት ሲጨነቁ የሚረሷት ነገር ብትኖር ይህች መተንፈሻ ናት።

መተንፈሻዋ ተዘግታለች እንበል። መኪናዋ ሰቆጣ አካባቢ ስትሠራ ውላ እምብርቱ 70 ዲግሪ ሴልሲየስ ደርሷል። የተስፋፋው አየር ትርፉን ቀስ በቀስ በየቀዳዳው አስወጥቶ ውስጡ ከሰቆጣ አየር ጋር በ78 ኪሎ ፓስካል ተስተካክሏል። ከዚያ ቁልቁለቱ ይጀምራል። ቁልቁለት ደግሞ ራሱ ምድጃ ነው። ጭነቷን የያዘች ዋዝ 2,400 ኪሎ ግራም ያህል ብትመዝን፣ አንድ ሺህ ሜትር በላይ ስትወርድ ወደ 25 ሚሊዮን ጁል የሚጠጋ ጉልበት የሆነ ቦታ ማራገፍ አለባት። ይህ ከ70 ሊትር በላይ ውሃ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ ለማፍላት የሚበቃ ነው። ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ሞተሩን እንደ ፍሬን ከተጠቀመ ከፊሉ በሞተሩ በኩል ይወጣል፤ ፍሬን ላይ ብቻ ከቆመ ግን በሙሉ ወደ ፍሬኑ ከበሮዎች ይገባል። ከበሮው ደግሞ የእምብርቱ የቅርብ ጎረቤት ነው። ስለዚህ እምብርቱ እንደ ጋለ ታች ይደርሳል።

ታች ወንዝ አለ። ከተከዜ ገባሮች አንዱን በጎማ መሻገር የግድ ነው። 70 ዲግሪ የነበረው እምብርት 25 ዲግሪ በሆነ ውሃ ውስጥ ይነከራል። ይዘቱ የማይለወጥ የታሰረ አየር ግፊቱ ከኬልቪን መጠነ ሙቀቱ ጋር ቀጥታ ይመጣጠናል፤ ይህን የ11ኛ ክፍል ተማሪ ያውቀዋል። 78ን በ298 አባዝተን ለ343 ብናካፍል 68 ኪሎ ፓስካል ያህል እናገኛለን። ውጭ 88፣ ውስጥ 68። ልዩነቱ 20 ኪሎ ፓስካል ነው፤ እርሱም የሁለት ሜትር ውሃ ማለት ነው። ወንዙ እስከ ጉልበት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ እምብርቱ ግን ከሁለት ሜትር በላይ በሆነ ጥልቀት የሰመጠ ያህል ይጨመቃል።

ይህን ጭነት የሚቋቋመው ማነው? ኦይል ሲል የምንለው ክብ ላስቲክ ነው። የዚህ ላስቲክ ከንፈር ወደ ውስጥ ያጋደለ ነው፤ ዘይት እንዳይወጣ ታስቦ የተሠራ ነውና ከውስጥ የሚመጣ ግፊት ከንፈሩን ዘንጉ ላይ ያጣብቀዋል። ከውጭ የሚመጣ ግፊት ግን ያነሣዋል። በር ጠባቂው ፊቱን ወደ ቤት አዙሮ ቆሟል እንደ ማለት ነው። በዚህ ሁኔታ ጥቂት ውሃ በየጊዜው ይገባል። መኪናዋ ከወንዝ ወጥታ ሽቅብ ስትመለስ አየሩ ይሞቃል፣ ይስፋፋል፣ በመጣበት መውጣት ይሞክራል፤ ውሃው ግን ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሎ ይቀራል። በቀጣዩ ጉዞ እንደ ገና ይጨመራል። የጎማ እምብርት በዋግ መንገድ ላይ ቀስ ብሎ የሚሠራ ፓምፕ ይሆናል ብንል ማጋነን አይደለም።

አሁን «ሙሉ ከሆነ ደህና ነው» ወደሚለው አነጋገር እንመለስ። የእምብርቱ የመሙያ ቀዳዳ የተሠራው በዘይቱ ልክ ነው፤ ታፖው ሲፈታ ዘይቱ እስከ ቀዳዳው የታችኛው ከንፈር ከደረሰ በቂ ነው ይባላል። ቀዳዳው ግን የሚያውቀው ከፍታን ብቻ ነው። ውሃ ከዘይት የከበደ በመሆኑ ሥር ይዘቅጣል፤ ዘይቱን ወደ ላይ ይገፋዋል። ጣቱን ወደ ቀዳዳው የሰደደ ሰው ዘይት ያገኛል፤ ረክቶም ይዘጋል። ከአራቱ እምብርቶች መካከል ምንም ሳይጨመርለት ከሌሎቹ ይበልጥ ሞልቶ የተገኘው፣ እጅግ ሊያሳስበን የሚገባው እርሱ ነው። ዘይት አይራባም። የበዛ ከሆነ ወይ ውሃ ገብቶበታል፣ ወይ ከዲፈረንሻሉ ዘይት እየተሰደደ መጥቶበታል።

ይህ የኋለኛው ነገር ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። በአክስሉና በእምብርቱ መካከል ያለው ሲል ካረጀ ሁለቱ ጓዳዎች የተገናኙ ዕቃዎች ይሆናሉ፤ ዘይቱም ዝቅ ወዳለው ይሄዳል። የዋግ መንደሮች ሜዳ አይተርፋቸውም። የዋዝ የግራና የቀኝ ጎማ ርቀት 1.44 ሜትር ነውና መኪናዋ በ5 ዲግሪ ብቻ ዘንበል ብላ ብታድር በሁለቱ ጎማዎች መካከል ከ12 ሳንቲ ሜትር በላይ የከፍታ ልዩነት ይኖራል። ጠዋት የታችኛው እምብርት ተርፎት ዲፈረንሻሉ ጎድሎት ሊገኝ ይችላል፤ አንዲት ጠብታም መሬት ላይ አልፈሰሰችም። «ካልፈሰሰ አልጎደለም» የሚለው በዚህ ላይ ይወድቃል።

«ግዴለም፣ ትንሽ ጨመር አድርግበት፤ ዘይት ሲበዛ አይጎዳም» የሚለውን ደግሞ ከሁሉ አጥብቀን እንቃወመዋለን። ማርሾቹ በዘይት ውስጥ መንከር ያለባቸው በከፊል ነው። ጓዳው እስከ አፉ ከሞላ ማርሹ ዘይቱን ሲደበድብ ይውላል፤ ዘይቱ አረፋ ያወጣል፣ ይሞቃል፤ ለአየሩ የቀረው ቦታ ጠባብ በመሆኑ ግፊቱ በፍጥነት ያድጋል። በመጨረሻ ዘይቱ ሲሉን ጥሶ ይወጣል። የሚወጣውም ወደ ፍሬን ከበሮው ነው። ዘይት የጠጣ የፍሬን ሸራ ሰበቃው ይሞታል፤ ከአራቱ አንዱ ብቻ እንዲህ ቢሆን እንኳ መኪናዋ ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ወገን ትጎትታለች። ቀደም ብለን የጠቀስነውን 25 ሚሊዮን ጁል በዚህ ዓይነት ፍሬን ይዞ ገደል ዳር መውረድ ምን ማለት እንደ ሆነ ለአንባቢ እንተወዋለን። ለመኪናዋ አዝኖ የጨመረ ሰው ፍሬኗን ነው የነሳት።

ታዲያ ምርመራው እንዴት ይሁን? ጊዜው ማለዳ ነው። መኪናዋ ደልዳላ ቦታ ላይ ካደረች በኋላ ዘይቱ ረግቷል፣ አረፋው ጠፍቷል፣ ውሃም ካለ ዘቅጧል። ይሁን እንጂ የሰቆጣን ማር በብርድ ጠዋት ከማሰሮ ለመቅዳት የሞከረ ሰው የዘይትን ጠባይም ያውቀዋል። ለዚህ ሥራ የሚውለው 90 ቁጥር ዘይት በ40 ዲግሪና በ100 ዲግሪ መካከል ውፍረቱ በአሥር እጥፍ ገደማ ይለያያል። ስለዚህ ለመመርመር ቀዝቃዛ፣ ለመለወጥ ግን ለብ ያለ ዘይት ይመረጣል፤ ለብ ያለው ቆሻሻውን ይዞ ይወርዳልና። ሁለቱን ሥራዎች በአንድ ሰዓት የሚያደርግ ሰው አንዱን ያበላሻል።

የመሙያውን ታፖ በቅድሚያ፣ ቀስ ተብሎ፣ ግማሽ ዙር ብቻ እንፈታለን። ከታች ያለውን ማፍሰሻ ቀድሞ ፈትቶ ዘይቱን ካፈሰሰ በኋላ የመሙያው ታፖ ዝጎ አልፈታ ያለበት ሰው መኪናውን ባለችበት ያቆማታል። ቀስ ማለቱ ግን ሌላም ጥቅም አለው፤ ጆሮ ሰጥቶ ማዳመጥ ነው። ታፖው ሲላላ «ሹ» የሚል ድምፅ ከተሰማ በውስጥና በውጭ መካከል የግፊት ልዩነት ነበር ማለት ነው፤ መተንፈሻዋ ተዘግታለች። መሣሪያ የማይጠይቅ የግፊት መለኪያ ከዚህ የተሻለ አናውቅም።

ቀጥሎ የማፍሰሻው ታፖ ሳይወጣ ጥቂት ላላ ይደረግና የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች በንጹሕ ዕቃ ይያዛሉ። ውሃ ካለ ቀድሞ የሚወጣው እርሱ ነው። ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ከወጣ ውሃው ከዘይቱ ጋር ተመትቶ ተዋህዷል፤ እንዲህ ያለው ቢያድርም ላይለይ ይችላል። ጥርጣሬ ካለ አንዲት ጠብታ በጋለ ብረት ላይ ጣል ማድረግ ነው፤ ንጹሕ ዘይት ዝም ብሎ ይጨሳል፣ ውሃ ያለበት ይንጣጣል። ፊትን ማራቅና ዓይንን መከለል ያሻል። ውሃ የተገኘበትን ዘይት ማሟላት ትርጉም የለውም፤ ይለወጣል። ከታፖው ጫፍ ላይ የሚገኝ ደቃቅ ግራጫ ለጥፍ የተለመደ እርጅና ነው፤ በጥፍር የሚነሣ የብረት ቅርፊት ግን ከማርሹ ወይም ከኩሽኔታው የመጣ ስለ ሆነ እምብርቱ ተከፍቶ መታየት አለበት። ሥር ንጹሕ ከሆነ በመሙያው በኩል እስኪፈስ ተሞልቶ፣ ትርፉ ተንጠባጥቦ እስኪያቆም ይጠበቃል። ከዚያ ይዘጋል።

ስንት ጊዜ ይደረግ ለሚለው የመመሪያ መጻሕፍት መልስ የኪሎ ሜትር ቁጥር ነው። የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ግን ቁልቁለትንም ወንዝንም አይቆጥርም። ከሰቆጣ ወደ ተከዜ ወርዶ የተመለሰ ዋዝና በአንድ ከተማ አስፋልት ላይ ያንኑ ርቀት የሄደ ዋዝ በቆጣሪው ላይ አንድ ናቸው፤ በእምብርታቸው ውስጥ ያለፈው ነገር ግን አይገናኝም። ስለዚህ በዋግ ልኩ ወንዝ ነው እንላለን፤ እምብርቱ የተነከረበት ጉዞ ሁሉ በማግሥቱ ማለዳ ምርመራ ይከተለዋል። ለዛሬዎቹ ላንድክሩዘሮችም ነገሩ ከሞላ ጎደል ይሠራል። በእምብርታቸው ማርሽ ባይኖርም አክስላቸው መተንፈሻ አለው፤ ከገጠር ቀበሌ ወላድ ይዞ የሚወጣ አምቡላንስ ከዋዝ የተለየ ፊዚክስ አልተሰጠውም።

ስለ ትምህርታችንም አንድ ነገር ካላልን ጽሑፉ አይሞላም። የጋዝን ሕግ ስናስተምር ከውጭ መጻሕፍት የቀዳነውን ጠላቂ ዋናተኛ በአሥር ሜትር ባሕር ውስጥ እናሰምጠዋለን። ባሕር አይቶ የማያውቅ የዝቋላ ወረዳ ተማሪ ቁጥሩን አስልቶ ነጥቡን ያገኛል፤ መኪና ከወንዝ ስትወጣ ዘይቷ ለምን እንደ ነጣ ግን አይጠይቅም፤ ጥያቄውና ሕጉ አንድ መሆናቸውን ማንም አልነገረውምና። መካኒኩ በበኩሉ ዘይቱ እንደሚነጣ ያውቃል፤ የሚያማርረው ሲሉን ነው፣ ለውጦትም ይመለስበታል። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ብሎን እያለ ከጣልያን የወረሰውን ቋንቋ የእኛ የመማሪያ መጽሐፍ አያውቀውም፤ የእኛን «ፍጹም መጠነ ሙቀት» ደግሞ እርሱ ሰምቶት አያውቅም። ከሁለቱ ይበልጥ ያስቀየምነው መካኒኩን ይመስለናል፤ ምልክቶቹን ሁሉ ይዞ ሳለ ምክንያቱን ነፍገነዋልና።

አንድ ነገር እንጠቁም። የተጣሉ ዋዞች በሚገኙበት ሁሉ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎችና የሳይንስ ፋኩልቲዎች አንድ አክስል ተካፍለው ቢወስዱ ብዙ ሥራ ይሠሩበታል። የመተንፈሻው ቀዳዳ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ቱቦ ይገጠምና እንደ ፈረንጅ ዩ ፊደል ታጥፎ ቀለም ያለው ውሃ ይጨመርበታል። ባዶውን አክስል በፒክአፕ ጭኖ ከሰቆጣ ወደ ታች መውረድ ነው። ቱቦው ከሁለት ሜትር በላይ ርዝመት ይኑረው፤ አለዚያ ተከዜ ሳይደረስ ውሃው ተስቦ ወደ አክስሉ ይገባል። ተማሪዎቹ በየመቶ ሜትሩ ቁልቁለት የውሃውን ከፍታ ልዩነት ቢመዘግቡ፣ ከእጃቸው የሚወጣው ግራፍ ከየትኛውም መጽሐፍ የተቀዳ አይሆንም።

ለባለ መኪናዎች ደግሞ መድኃኒቱ ርካሽ ነው። የመተንፈሻዋን ቡሽ አንሥቶ በቦታዋ ዘይት የሚችል የጎማ ቱቦ ማሰር፣ ቱቦውንም አክስሉ ሲነሣና ሲወርድ እንዳይወጠር ልል አድርጎ እስከ ሞተሩ ክፍል ከፍታ መውሰድ፣ ጫፉን ወደ ታች ማጠፍ። በጫፉ ላይ ነፍሳት የማያስገባ ደቃቅ ወንፊት ይታሰርበት፤ ወንፊቱም በየክረምቱ መግቢያ እየተፈታ ይታጠብ።